ኪሎ ላይ ፔስት ሲደረግ የሚንቀራፈፈውን ኤዲተር ማፍጠን፦ የግቤት ባፈር ከሀ እስከ ፐ

በኤስኤስኤች ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ገብቼ፣ ሦስት ገጽ የሚሆን የአማርኛ ጽሑፍ ኤዲተሬ ላይ ፔስት አደረግኩ። ፊደሎቹ ጠብ ጠብ ማለት ጀመሩ። ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጠቋሚው ይዘልላል። ሰልችቶኝ ለመውጣት ኮንትሮል ኪው ብጫን ዝም። ትእዛዜ ከሺህ ፊደሎች ኋላ ተሰልፎ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ኤዲተሩ ኪሎ ነው። ማለቴ ኪሎን ወስጄ እንደፈለግኩ የቀያየርኩት። ኪሎ ሬዲስ የሚባለውን ዳታቤዝ የሠራው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ትንሽ የተርሚናል ኤዲተር ነው። በሲ የተጻፈ፣ በአንድ ፋይል ያለቀ፣ ከሺህ የኮድ መስመር ያልበለጠ፣ ምንም ላይብረሪ የማይፈልግ። ለመማሪያ እንደሱ የሚመች የለም። ግን ለመማሪያ ተብሎ ስለተጻፈ ግቤቱን የሚያነበው በቀላሉ መንገድ ነው። ዛሬ ያንን መንገድ እንለውጣለን። ሲ ማንበብ ከቻላችሁና ሊኑክስ ካላችሁ ይበቃል።

መጀመሪያ ችግሩን በትክክል እንለይ

ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር "ባፈሩን አሳድገው" ነው፤ ባፈር ማለት የገቡ ባይቶች ተራቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት የሜሞሪ ቦታ ነው። እኔም በዚያ ጀመርኩ። ግማሽ ቀን ሠርቼ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የኪሎን ዋና ሉፕ ተመልከቱት። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፦ ስክሪኑን ይስላል፣ ከዚያ አንድ ቁልፍ አንብቦ ይፈጽማል። ተመልሶ ስክሪኑን ይስላል። ቁልፍ የሚያነበው ፈንክሽን ደግሞ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) አንድ ባይት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። አንድ ባይት፣ አንድ ሲስተም ኮል፣ አንድ ሙሉ ስክሪን። ከመገናኛ ሜክሲኮ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ጭኖ እየተመላለሰ ሰልፉን ለመጨረስ የሚሞክር ሚኒባስ አስቡ። ታርጋው አዲስ ቢሆን ሰልፉ አያልቅም።

አሁን አማርኛውን አምጡ። ፊደል በባይት በሚጻፍበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ሰ ማለት ለኮምፒውተሩ 225፣ 136፣ 176 ነው። 10,000 ፊደል ፔስት ካደረጋችሁ 30,000 ባይት ይገባል። 30,000 ንባብ፣ 30,000 ስዕል። ስክሪኑ 80 በ24 ከሆነና ሞልቶ በላቲን ፊደል እንኳ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ስዕል ወደ 1,920 ባይት ነው። ስታባዙት 57 ሚሊዮን ባይት ያልፋል። ያ ሁሉ በኤስኤስኤች መስመር ላይ። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሲሶውን ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ለዚህ ይሆናል ችግሩ ብዙ የማይወራው።

ስለዚህ ሥራው ሦስቱን ማለያየት ነው፦ ማንበብ፣ መተርጎም፣ መሳል። ባፈሩ መለያያው ነው እንጂ ራሱ መድኃኒት አይደለም።

አንድ፦ ሳትነኩ በፊት ቁጠሩ

በስሜት "ፈጠነ" ማለት አይሠራም። ስትሬስ (strace) የሚባለውን፣ ሲስተም ኮሎችን የሚከታተል መሣሪያ በመቁጠሪያው አማራጭ (ሰረዝና ትንሿ ሲ) ኪሎ ላይ አስነሱት። ሪድ እና ራይት የሚባሉትን ኮሎች ብቻ ይቁጠር። ስትወጡ ስንት ጊዜ እንደተጠሩ በሰንጠረዥ ያሳያችኋል።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ፔስት አድርጉ። እኔ ሰ የሚለውን ፊደል 10,000 ጊዜ የደገመ ፋይል ሠርቼ ቲማክስ (tmux) ወደሚባለው የተርሚናል ፕሮግራም ባፈር እጭነውና ከዚያ ወደ ኪሎ እለጥፈዋለሁ። በማውዝ ከመጎተት ይሻላል፣ በየጊዜውም አይለያይም። አንዱን ፋይል በአንድ ረጅም መስመር፣ ሌላውን በየ80 ፊደሉ የተቆረጠ አድርጉት። ለምን እንደሆነ ስድስት ላይ ታያላችሁ።

ሁለት፦ ባፈሩን መሥራት

ሦስት ነገር ያለው ስትራክት በቂ ነው፦ 4096 ባይት የሚይዝ አሬይ፣ "መነሻ" የሚል ቁጥር፣ "መድረሻ" የሚል ቁጥር። 4096 ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ሊኑክስ ላይ የተርሚናሉ የራሱ የንባብ ባፈር ያን ያህል ነው። ከዚያ በላይ ብታሰፉት ብዙም አታተርፉም።

ክብ ባፈር፣ ማለትም ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚዞር፣ መሥራት ያምራችሁ ይሆናል። አያስፈልግም። ክብ ባፈር የሚጠቅመው አንዱ ሲጽፍ ሌላው እያነበበ ሲሄድ ነው። እዚህ አንድ ትሬድ ብቻ ነው ያለው። ከዚያም በላይ፣ አንድ ፊደል ከጫፉ ተቆርጦ ግማሹ መጨረሻ ላይ፣ ግማሹ መጀመሪያ ላይ ሲውል የምትጽፉት ኮድ ራስ ያዞራል። ቀጥ ያለው ይሻላል።

አሬዩ ምልክት የሌለው (አንሳይንድ) ቻር መሆን አለበት። ይህን ችላ አትበሉ። ተራ ቻር በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ከዜሮ በታችም ይቆጥራል። 225 ገብቶ −31 ሆኖ ይወጣል። ከዚያ "ባይቱ ከ127 ይበልጣል ወይ?" ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አይ ነው። በአርም ላይ ግን ሊኑክስ ውስጥ ቻር በተለምዶ ምልክት የለውም። ስለዚህ ያው ኮድ ላፕቶፑ ላይ ተበላሽቶ ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ስህተት ሰውን ያሳብዳል።

የመሙያው ፈንክሽን አካሄድ ይህ ነው (ፖል ግቤት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሲስተም ኮል ነው፤ ሲግናል ደግሞ ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚልከው ማሳወቂያ)፦

ባፈር ሙላ (ጊዜ)፦
    የተረፉትን ባይቶች ወደ አሬዩ መጀመሪያ ግፋ
    በፖል እስከ ጊዜ ድረስ ጠብቅ
    ሲግናል ካቋረጠ፦ "ተቋረጠ" ብለህ ተመለስ
    ጊዜው ካለቀ፦ "ምንም የለም" ብለህ ተመለስ
    የቀረውን ባዶ ቦታ ሁሉ በአንድ ሪድ ጠይቅ
    ዜሮ ከመጣ፦ "ተርሚናሉ ተዘጋ" ብለህ ተመለስ
    መድረሻን በመጣው ልክ ጨምር

ሲገፉ ሜምሙቭ ተጠቀሙ፣ ሜምኮፒ አይደለም። የሚነሱበትና የሚያርፉበት ቦታ ሊደራረቡ ይችላሉና።

ሦስት፦ መጠበቁን ለፖል ስጡት

ኪሎ ተርሚናሉን ሲያዘጋጅ ቪሚን (ሪድ ቢያንስ ስንት ባይት እንደሚጠብቅ) ዜሮ፣ ቪታይም (ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቅ) አንድ ያደርጋል። የቪታይም መለኪያ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ሪድ በየ100 ሚሊሰከንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ሉፑ እንደገና ይጠይቃል። ምንም ሳትነኩት ተቀምጣችሁ በሰከንድ 10 ጊዜ ይነቃል ማለት ነው። ኢስኬፕ ስትጫኑ ደግሞ ቀጣይ ባይት ይመጣ እንደሆነ 100 ሚሊሰከንድ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ማሳነስ አይቻልም፣ መለኪያው አይፈቅድም።

ሁለቱንም ዜሮ አድርጓቸውና መጠበቁን ፖል ይያዘው። ፖል በሚሊሰከንድ ይቆጥራል። ምንም ነገር በማይጠበቅበት ጊዜ ያለ ገደብ ይተኛ። ግማሽ የመጣ ነገር ካለ 50 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። አንዳንዱ 25 ይላል፤ መስመሩ ደካማ በሆነበት ቦታ በኤስኤስኤች ለምትሠሩ ግን 50 ይሻላል። ብዙ የተርሚናል ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኤንከርስስ (ncurses) የሚባለው ላይብረሪ በራሱ ምርጫ 1000 ሚሊሰከንድ ነው የሚጠብቀው። ሙሉ ሰከንድ! ኢስኬፕ ተጭናችሁ ውኃ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

ተርሚናሉን ኖንብሎኪንግ ማድረግ (ሪድ ምንም ሳይጠብቅ እንዲመለስ) አቋራጭ ይመስላል። ተዉት። ያ ምልክት ከሼሉ ጋር የምትጋሩት ነው። ኤዲተሩ በድንገት ቢሞት ምልክቱ እንደተለጠፈ ይቀራል፣ በኋላ ሌላ ፕሮግራም ግራ ይጋባል።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የድሮው ኮድ ንባቡ −1 ከመለሰ ውጣ ይላል። እኔም ያንን መስመር እንዳለ ወደ ፖሉ ገለበጥኩት። ቆንጆ ሆኖ ሠራ። ማታ ላይ የተርሚናሉን መስኮት ሰፋ ላድርግ ብዬ ጫፉን ስጎትት ኤዲተሩ ብን ብሎ ጠፋ። ያልተቀመጠ ጽሑፍም አብሮ ሄደ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መስኮት ሲሰፋና ሲጠብ ሲግናል ይመጣል። ሪድ ሲግናል ቢያቋርጠውም እንደ አዘገጃጀቱ ራሱ ሊቀጥል ይችላል። ፖል ግን ምንም ብታደርጉ አይቀጥልም፤ ተቋረጥኩ ብሎ −1 ይመልሳል። ስለዚህ "ተቋረጠ" ስህተት አይደለም። ስክሪኑን እንደገና ሳሉና ወደ መጠበቁ ተመለሱ።

እግረ መንገዳችሁን የኪሎን የመስኮት ሲግናል ፈንክሽን አስተካክሉ። እዚያው ሲግናሉ ውስጥ ሆኖ ስክሪን ይስላል። ሜሞሪ እየተመደበ እያለ ሲግናል ቢመጣ መዘዝ አለው። አንድ ምልክት ብቻ አቁሞ ይመለስ፤ ስዕሉን ዋናው ሉፕ ያድርገው።

አራት፦ ሳይሞላ አትብሉ

ይሄኛው የመመሪያው እምብርት ነው።

የድሮው ኮድ 27 ቁጥርን (ኢስኬፕን) ካየ ወዲያው ቀጣዩን ባይት፣ ከዚያ ሌላውን ያነባል። ላይ ቀስት ስትጫኑ የሚመጣው 27፣ 91፣ 65 ነው። ሦስቱም አብረው ከመጡ ጥሩ። መሃል ላይ ከተቆረጠ ግን 91 እና 65 እንደ ተራ ፊደል ጽሑፋችሁ ውስጥ ይገባሉ። የማታውቁት ቅንፍና ካፒታል ኤ ፋይል ውስጥ አግኝታችሁ ከሆነ ወንጀለኛው ይሄ ነው።

አዲሱ ፈንክሽን ባፈሩን አይቶ ከሦስት አንዱን ይመልሳል፦ "ሙሉ ቁልፍ ነው፣ ይህን ያህል ባይት ይበላል"፣ "ገና አልተሟላም"፣ ወይም "ይህ ቁልፍ አይደለም"። መነሻውን ወደፊት የሚያራምደው የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ ብቻ ነው። "ገና" ከሆነ ባይቶቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ባፈሩ በ50 ሚሊሰከንድ ገደብ ይሞላል። ጊዜው ካለቀና የመጀመሪያው ባይት 27 ከሆነ፣ ሰውየው ኢስኬፕን ብቻውን ተጭኖ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው መልስ ከሆነ አንድ ባይት ዝለሉና ቀጥሉ።

ፊደልም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። የመጀመሪያው ባይት ርዝመቱን ይናገራል። ከ0 እስከ 127 ከሆነ ብቻውን ነው። ከ194 እስከ 223 ባለ ሁለት፣ ከ224 እስከ 239 ባለ ሦስት፣ ከ240 እስከ 244 ባለ አራት ነው። ተከታዮቹ ሁሉ ከ128 እስከ 191 መሆን አለባቸው። የእኛ ፊደሎች በብዛት በ225 ይጀምራሉ።

"አልፎ አልፎ ብቻ የሚቆረጥ ነገር ነው" ብላችሁ እንዳታልፉት። 4096ን ለ3 ስታካፍሉ 1365 ይደርስና 1 ይተርፋል። ጥርት ያለ አማርኛ ፔስት አድርጋችሁ ባፈሩ ጢም ካለ፣ መጨረሻ ላይ የ1366ኛው ፊደል አንድ ባይት ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክፍተት፣ አራት ነጥብና አዲስ መስመር ሲቀላቀሉበት ቦታው ይቀያየራል እንጂ መቆረጡ አይቀርም። አራት ነጥብ ራሱ 3 ባይት ነው፤ ተራ ክፍተትና አዲስ መስመር ናቸው አንድ አንድ የሆኑት።

አሁን "ሪድ" የሚለውን በፋይሉ ውስጥ በሙሉ ፈልጉ። የጠቋሚውን ቦታ ተርሚናሉን የሚጠይቅ አንድ ፈንክሽን አለ፤ በቀጥታ ከተርሚናሉ ያነባል። በባፈሩ በኩል እንዲያልፍ አድርጉት። አንድ በር ብቻ ይኑር። ሁለት በር ካለ የአንዱን እንግዳ ሌላው ይወስደዋል።

አምስት፦ ስዕሉን ከቁልፉ አላቁ

ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው። ለማሻሻል የቀራችሁ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ ክፍል ሁለትንና ይሄን ሥሩ። ዋናው ሉፕ እንዲህ ይሁን፦

ዘላለም፦
    ስክሪኑን ሳል
    ባፈር ሙላ (የተንጠለጠለ ካለ 50፣ ከሌለ ያለ ገደብ)
    ባፈሩ ውስጥ ሙሉ ቁልፍ እስካለ ድረስ፦
        ቁልፉን ፈጽም
        ከመጨረሻው ስዕል 30 ሚሊሰከንድ ካለፈ፦ ስክሪኑን ሳል

ቀስ ብሎ ለሚተይብ ሰው ምንም አልተቀየረም፤ ቁልፍ ሲጫን ባፈሩ ወዲያው ስለሚያልቅ ወዲያው ይሳላል። ፔስት ሲሆን ግን ሺህ ፊደል በአንድ ስዕል ይወጣል። የ30 ሚሊሰከንዱ መስመር የተጨመረው ግቤቱ ሳያቋርጥ ሲጎርፍ ስክሪኑ የሞተ እንዳይመስል ነው። ሰው በዝግታ ከሚሠራ ፕሮግራም ይልቅ ዝም ያለ ፕሮግራም ያስደነግጠዋል።

የፍለጋው ፈንክሽን የራሱ ትንሽ ሉፕ አለው። እሱንም በዚሁ መልክ ቀይሩት፣ አለዚያ ፍለጋ ውስጥ ፔስት ስታደርጉ የድሮው ጣጣ ይመለሳል።

ስድስት፦ ፔስቱን ለይቶ ማወቅ

እስካሁን ኤዲተሩ መተየብና መለጠፍ አይለይም። ተርሚናሎች ግን ሊነግሩት ይችላሉ። ሲነሳ ኢስኬፕ፣ ካሬ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ 2004፣ ትንሿ ኤች ይላክ። በባይት 27፣ 91፣ 63፣ 50፣ 48፣ 48፣ 52፣ 104። ከዚያ በኋላ ፔስት የተደረገ ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ 27፣ 91፣ 50፣ 48፣ 48፣ 126 ኋላው ላይ ደግሞ 27፣ 91፣ 50፣ 48፣ 49፣ 126 ታስሮ ይመጣል። ስትወጡ ኤቹን (104) በኤል (108) ቀይራችሁ ላኩና አጥፉት። ካላጠፋችሁት ሼሉ ላይ እንግዳ ቁምፊ ሊረጭ ይችላል። ኪሎ ሲወጣ ተርሚናሉን የሚመልስበት ፈንክሽን አለው፣ እዚያ ጨምሩት።

መግቢያውን ስታዩ ሌላ አሬይ ውስጥ መሰብሰብ ጀምሩ፤ መዝጊያው እስኪመጣ። መዝጊያውም ሊቆረጥ ይችላል፣ ክፍል አራት ላይ ያየነው ሕግ እዚህም ይሠራል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙ ተርሚናሎች በፔስት ውስጥ አዲስ መስመርን በ10 ሳይሆን በ13 ነው የሚልኩት። ሁለቱንም ተቀበሉ። ሌላው፣ ፔስት ውስጥ ያሉ የኮንትሮል ባይቶችን ጣሉ፣ ታብና አዲስ መስመር ሲቀሩ። ካልታሰረ ፔስት መሃል 19 ቢኖር ኪሎ ፋይሉን ያስቀምጠዋል፣ 17 ቢኖር ለመውጣት ይሞክራል።

አሁን ስለ ረጅሙ መስመር። ኪሎ አንድ ባይት ሲያስገባ የመስመሩን ሜሞሪ ያሰፋል፣ ከጠቋሚው በኋላ ያለውን ይገፋል፣ ለስክሪን የሚሆነውን ቅጂ ጥሎ ከመጀመሪያው ይሠራል። ለእያንዳንዱ ባይት። 3,000 ፊደል ያለው አንድ አንቀጽ 9,000 ባይት ነው። በየባይቱ እስከዚያ ድረስ ያለውን መስመር ሁሉ መልሶ ሲነካው ድምሩ 40 ሚሊዮን ያልፋል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ አንቀጽ እስኪያልቅ ኢንተር አይመታም። የተሰበሰበውን በአዲስ መስመር ከፋፍሉት። እያንዳንዱን ቁራጭ በአንድ ማስፋት፣ በአንድ መግፋት፣ በአንድ ቅጂ አስገቡ። 9,000 ጊዜ የነበረው አንድ ጊዜ ይሆናል።

ሰባት፦ የኋሊት መሰረዝ

ይሄ ፍጥነት ላይ አይቆጠርም፣ ግን ሳይነገር አይታለፍም። ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ኤስ ስትጫኑ ስ ያስቀምጣሉ። ኢ ስትጨምሩበት ስን ሰርዘው ሰ ይተካሉ። አንዳንዶቹ የሚሰርዙት የመሰረዣ ቁልፍ (127) በመላክ ነው። ኪሎ ደግሞ 127 ሲያይ አንድ ባይት ብቻ ያጠፋል። ስ 225፣ 136፣ 181 ነበረች። ከሦስቱ 181 ሄደች፣ 225 እና 136 ቀሩ፣ ከኋላቸው ሙሉዋ ሰ ገባች። ውጤቱ ጥቁር አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ነው። ሰው "ኤዲተሩ አማርኛ አይችልም" የሚለው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። ስትሰርዙ፣ ወደ ግራ ስትሄዱም፣ ባይቱ ከ128 እስከ 191 እስከሆነ ድረስ ወደኋላ ቀጥሉ፣ መነሻው ባይት ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ወደ ቀኝ ስትሄዱ በርዝመቱ ዝለሉ። የስክሪኑን ዓምድ ስትቆጥሩ አንድን የግዕዝ ፊደል እንደ አንድ ዓምድ ቁጠሩት።

ስምንት፦ መፈተን

ስትሬስን እንደገና አስነሱ። 30,000 የነበረው ንባብ ከስምንት አያንስም፣ 30,000ን ለ4096 ስታካፍሉ እዚያው ነው የሚመጣው። በተግባር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ተርሚናሉ ሁልጊዜ ባፈሩን ጢም አድርጎ አይልክም። ራይቶቹ በመቶ ከሚቆጠሩ በታች ካልወረዱ ግን ስዕሉ የሆነ ቦታ ከቁልፉ ጋር ታስሮ ቀርቷል። ፈልጉት።

ለትክክለኛነቱ የምወደው ዘዴ ይሄ ነው። የመሙያው ፈንክሽን በአንድ ሪድ የሚጠይቀውን መጠን ከውጭ እንድትቀይሩት አድርጉ። መጀመሪያ 1 ባይት ብቻ ይጠይቅ። ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 7፣ መጨረሻ 4096። በየጊዜው ያንኑ ጽሑፍ ፔስት አድርጉና አስቀምጡ። አምስቱ ፋይሎች ባይት በባይት አንድ መሆን አለባቸው። በ1 እና በ2 ፊደሉም የፔስቱ ማሰሪያም መቆረጥ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ይቆረጣል። የእኔው የመጀመሪያ ሙከራ በ3 ንጹሕ ነበር፣ በ7 ግን ሁለት ፊደል በልቷል። በ3 ሁሉም ቁርጥ ፊደል ላይ በትክክል ስላረፈ ነበር የዳነው።